ሮኪ እኮ ተሸንፏል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በፊልም ገጻችሁ ላይ ስለ ድሮ ፊልሞች የወጣችውን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ጽሑፏ ደስ ትላለች። ግን መሃል ላይ ጸሐፊው ሮኪ ሻምፒዮኑን ዘርሮ ቀበቶውን ከፍ ሲያደርግ እንባ በእንባ እንደሆኑ ይነግሩናል። የመጀመሪያውን ፊልም ማለታቸው ነው፤ ዓመቱንም ጠቅሰዋል።

ሮኪ እኮ ተሸንፏል። በ1976ቱ ፊልም (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቦክሰኛው ሮኪ ሻምፒዮኑን አፖሎ ክሪድን አላሸነፈም። 15 ዙር ሙሉ ሳይወድቅ ቆየ፣ ዳኞቹ ተከፋፈሉ፣ በአብላጫ ድምፅ ለአፖሎ ፈረዱ፣ በቃ። ሮኪ ያሸነፈው በ1979 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው።

ጸሐፊውን ለማሳጣት አይደለም ይሄን የምለው። እኔ ራሴ ከአራት ዓመት በፊት ይችኑ ነገር ጠረጴዛ እየደበደብኩ ተናግሬ፣ ተወራርጄ፣ ተበልቻለሁ። ለዚህ ደብዳቤም ምክንያት የሆነኝ እሱ ነው።

አራት ጓደኛሞች ነን። አንዱ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አንዱ ታሪክ ያስተምራል፣ አንዷ ነርስ ናት፣ እኔ ደግሞ ከሦስቱም አንዱን አይደለሁም። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንገናኝ ወሬያችን ፊልም ነው። የሚገርመው ግን ለዓመታት ስለ ፊልም ስንከራከር አንድም ቀን ፊልሙን ከፍተን አይተን አናውቅም። ከትዝታ ነው የምንከራከረው። በዚያች ማታ የሮኪ ነገር ሲነሳ እኔ «አሸነፈ» አልኩ። ኤሌክትሪሺያኑ «በእኩል ነው የተለያዩት» አለ። አስተማሪው በዝረራ ነው የተሸነፈው ብሎ ድርቅ አለ። ነርሷ ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይታዋለች፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አታስታውስም። እሷ የምታስታውሰው ኮፍያ ነው። የምን ኮፍያ? ሳቅንባት። የቦክስ ፊልም አይተሽ ኮፍያ ብቻ ያዝሽ ብለን ቀለድንባት።

ከፍተን አየነው። የመጨረሻው ደወል ተደወለ። የሮኪ ዓይን አብጧል፤ ጋዜጠኛው ማይክ ሲደቅንበት ሰውየው መልስ አይሰጥም፣ የፍቅረኛውን የኤድሪያንን ስም ብቻ ነው የሚጮኸው። ኤድሪያን ሰዉን እየገፋች ወደ ሪንጉ ስትመጣ ቀዩ ኮፍያዋ ከራሷ ላይ ወደቀ። ውጤቱ የሚነገረው በዚሁ መሃል ነው። ከጩኸቱ ጀርባ፣ ካሜራው ሌላ ቦታ እያየ፣ አንድ ድምፅ የዳኞቹን ነጥብ ያነባል፤ ሮኪም አይሰማውም፣ ተመልካቹም አይሰማውም። ኤድሪያን ደረሰች። የሚጠይቃትም ኮፍያሽ የት ሄደ ብሎ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ነርሷ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ብቻ እያንዳንዳችንን በየተራ አየችን።

እኔ ለብዙ ቀን ያብሰለሰለኝ መሸነፌ አልነበረም። ፊልሙ ራሱ ውጤቱን ሆን ብሎ እንደደበቀብን ገባኝ። ሰውየው ከውጊያው በፊት በነበረው ሌሊት የሚመኘው እስከ መጨረሻው ዙር መቆምን ብቻ ነው፤ ማሸነፍን አላሰበም። ስለዚህ ሲቆም አሸነፈ፣ እኛም ያሸነፈ ሆኖ ቀረልን። ከዚያ የሁለተኛው ፊልም ድል መጥቶ ላዩ ላይ ተለጠፈበት። ትዝታችን ዋሸ ቢባልም፣ ዝም ብሎ አልዋሸም።

ከዚያች ማታ ወዲህ ሕግ አወጣን። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ሁላችንም እናውቀዋለን የምንለው የድሮ ፊልም እናያለን። ከማየታችን በፊት እያንዳንዱ ሰው ስለ ፊልሙ የሚያስታውሰውን ወረቀት ላይ ይጽፋል። እንዴት እንደሚያልቅ፣ ማን እንደሚሞት፣ ምርጡ ቦታ የቱ እንደሆነ። ወረቀቱ ታጥፎ ይቀመጣል። ፊልሙ ሲያልቅ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ከሁሉም የሳተ ሰው ለአንድ ወር ፊልም መምረጥ አይችልም። እኔ ሁለት ወር በተከታታይ ተቀጥቻለሁ።

ሁላችንንም ያሳሳተን ግን ራምቦ ነው። የ1982ቱ፣ የመጀመሪያው። አስተማሪው «ወረቀታችሁ ላይ ራምቦ ስንት ሰው እንደሚገድል ጻፉ» አለን። እኔ 50 አልኩ። ኤሌክትሪሺያኑ «ቁጥር የለውም» ብሎ ጻፈ። አስተማሪው ራሱ ከመቶ በላይ ብሏል። ነርሷ 20 ብላ ትንሽ ቆጠብ አለች።

ፊልሙን አይታችሁ ቁጠሩ። ራምቦ ሲያሳድዱት የሚሸሽ፣ የራበው፣ የበረደው ሰው ነው። ጫካ ውስጥ ፖሊሶቹን አንድ በአንድ ያቆስላቸዋል እንጂ አይገድላቸውም። በግልጽ ሲሞት የምናየው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሄሊኮፕተር ላይ ሆኖ ራምቦን እየተኮሰበት ሳለ፣ ራምቦ ሄሊኮፕተሩን በድንጋይ ሲመታው ሚዛኑን ስቶ ይወድቃል። በድንጋይ! በትልቁ መትረየስ ሰው ሲያጭድ የምናስታውሰው ራምቦ ከ1985 ጀምሮ የመጣው ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ይሄ የጀግና ምልክት ሆኖ በየግድግዳው የተለጠፈ ሰው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ጫማ አስጠርግ ብሎ የመጣ ልጅ ሳጥኑ ውስጥ ቦምብ ነበረበት፣ ጓደኛዬ እጄ ላይ ሞተ እያለ ለአለቃው ይነግረዋል። አንዳችንም ወረቀት ላይ «ያለቅሳል» የሚል ቃል አልነበረም። አንዳችንም!

ክርክሩ ግን የተነሳው ከዚህ በኋላ ነው። ፊልሙ የተሠራበት የዴቪድ ሞሬል ልቦለድ ላይ ራምቦ ይሞታል። ለፊልሙም የሚሞትበት መጨረሻ ተቀርጾለት ነበር፤ ለሙከራ ያዩት ተመልካቾች ስላልወደዱት በሕይወት እንዲወጣ ተደረገ። አስተማሪው ይሄን ሲሰማ ተናደደ። «ተመልካች ነው እንዴ የሰው ዕጣ የሚወስነው? ቢሞት ኖሮ ፊልሙ እውነቱን ይናገር ነበር፤ አሁን ግን ለቀጣይ ክፍሎች መንገድ ጠረጉበት» አለ። ነርሷ አልተስማማችም። እሷ በሥራዋ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎችን አይታለች። «መሞት ቀላሉ መጨረሻ ነው፤ ከባዱ አልቅሶ፣ ተይዞ፣ ነገ ደግሞ ጠዋት መነሳት ነው» አለች። አስተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አጣ። (በነጋታው ግን ሦስት አንቀጽ የሚሆን መልስ በስልክ ላከ። አስተማሪ ነው፤ ምን ታደርጉታላችሁ?) እኔ እስካሁን አልወሰንኩም። አንዳንድ ቀን ከእሱ ጋር ነኝ፣ አንዳንድ ቀን ከእሷ ጋር።

እንዲህ ተከራክረን ሁለቱም ወገን ልክ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም አለ። ሾሌይን የማያውቅ የለም፤ የ1975ቱን የህንድ ፊልም። እኔ ታኩር የሚባለው የቀድሞ የፖሊስ መኮንን ጋባርን በእግሩ ጨርሶ እንደሚገድለው አስታውሳለሁ። እጆቹን የቆረጠበትን ሽፍታ፣ ሹል ብረት በተተከለበት ጫማ። ኤሌክትሪሺያኑ ደግሞ «ውሸትህን ነው፣ ፖሊስ ይደርስና ተይዞ ይሄዳል» አለ። ወረቀት ሳይሆን ድምፅ ነው ያወጣነው፤ ልንጣላ ምንም አልቀረንም። ፊልሙን ስንከፍተው ፖሊስ ደረሰ። አፈርኩ። ግን አልተኛሁም፤ ነገሩን ሳጣራ ሁለቱም መጨረሻ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የቀረፀው ታኩር ጋባርን ሲገድለው ነው። ጊዜው ህንድ ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ነበርና ሳንሱሩ የቀድሞ የፖሊስ መኮንን ሕግን በእጁ አስገብቶ እንዴት ይገድላል ብሎ ከለከለ። ሌላ መጨረሻ ተቀረጸ። የመጀመሪያው ግን በካሴት ወጥቶ ዞሯል፤ በ2025ም ታድሶ በትልቅ ስክሪን ታይቷል። እኔ ያየሁት ያን ካሴት ነበር፣ እሱ ሌላውን። ያን ሁሉ ዓመት የተጨቃጨቅነው ስለ ሁለት የተለያዩ ፊልሞች ነበር።

ስለዚህ አሁን ሰው ስለ ድሮ ፊልም ሲከራከረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የቱን ነው ያየኸው?» ብዬ ነው። በልጅነታችን ያየነው ፊልም የተቆረጠ፣ የተፋጠነ፣ ቀለሙ የለቀቀ ነበር። ይሄን ያስረዳን ኤሌክትሪሺያኑ ነው፤ እዚህ ላይ ስሙ ይመስገን። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ነው። በሰከንድ 25 ምስል የሚያሳይ የቲቪ ሥርዓት ባላቸው አገሮች ግን ፊልሙ ትንሽ ተፋጥኖ ነበር የሚተላለፈው። የሁለት ሰዓቱ ፊልም አምስት ደቂቃ ያህል ያጥራል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። እኔ የአንድን አክተር ትክክለኛ ድምፅ በ35 ዓመቴ ስሰማ ሌላ ሰው የተካበት መስሎኝ ነበር!

የባሰው ስፋቱ ነው። የድሮ ቲቪ ጎኖቹ ለእኩል የቀረቡ አራት ማዕዘን ነበረ፤ የሲኒማ ምስል ደግሞ ሰፊ። ሰፊውን ምስል ሳጥኑ ውስጥ ለማስገባት ግራና ቀኙን ይቆርጡታል፤ በጣም ሰፊ በሆኑት ፊልሞች ላይ ከምስሉ ከ40 በመቶ በላይ ይጠፋል። የሰርጂዮ ሊዮኔን የ1966ቱን የካውቦይ ፊልም አስቡ፤ ሦስት ሰዎች መቃብር መሃል ክብ ሜዳ ላይ ተፋጠው የሚቆሙበትን። ያ ነገር የሚያምረው ሦስቱንም ባንዴ፣ ከነርቀታቸው ስታያቸው ነው። እኔ ባየሁት ካሴት ግን ሰፊው ምስል ሲመጣ አንደኛው ሰውዬ ሁሌ ግማሽ ትከሻ ነበር። የማን ትከሻ እንደሆነ እየገመትኩ ነው ያደግኩት። ሙሉውን ሳየው ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየሁት ነው የቆጠርኩት፤ «መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ» ስል የነበረውንም ሰርዤዋለሁ።

አዲስ ቲቪ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ችግር አለባችሁ። ቲቪው በምስሎቹ መሃል የራሱን ምስል እየፈጠረ ይጨምራል፤ እንቅስቃሴው ልስልስ ይልና ፊልሙ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ተከታታይ ድራማ ይመስላል። ሪሞቱን ያዙና አጥፉት። ቶም ክሩዝ እንኳ በ2018 ይሄንኑ አጥፉ ብሎ ቪዲዮ ሠርቶ ለምኗል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሁሉም ፊልም ደግመው ሲያዩት አያምርም። ስማቸውን አልዘረዝርም፣ እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፤ እነዚያ ልጁ ልጅቷን እስክትወደው የሚከተልባቸው የፍቅር ፊልሞች። አልፈልግም ትላለች፣ በሯ ላይ ያድራል። አልፈልግም ትላለች፣ ሥራ ቦታዋ ይሄዳል። ዝናብ ይዘንባል፣ ዘፈን ይገባል፣ እሺ ትላለች። በ17 ዓመቴ አንዱን አይቼ እንዲህ ነው ፍቅር ብዬ ነበር። አሁን ሴት ልጅ አለኝ፤ ባለፈው ዓመት ደግመን ስናየው ልጄ ከኋላ ቆማ ታይ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ፖሊስ አይዘውም?» አለች። ነርሷ በሳቅ ወደቀች። እኔ አልሳቅኩም። ፊልሙን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

አስተማሪው እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚያመጣት አንዲት መከላከያ አለችው። «ዘመኑ ነው፣ በዘመኑ ነው መመዘን ያለበት» ይላል። ከታሪክ አስተማሪ ይሄ አይጠበቅም ብዬ ተከራክሬዋለሁ። ምክንያቱም በዘመኑም የተቃወመ ሰው ነበር። በ1939 የወጣውን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ»ን ውሰዱ። ባርነትን አሳምሮ አቅርቧል የሚለው ወቀሳ የዛሬ ልጆች ያመጡት አይደለም፤ ያኔም ጥቁር አሜሪካውያን ጽፈውበታል። ሃቲ ማክዳንኤል በዚያ ፊልም ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች፤ ሽልማቱ ሲሰጥ ግን ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተነጥላ ጥግ ላይ በተለየ ጠረጴዛ ነው የተቀመጠችው። አትላንታ ላይ ፊልሙ ሲመረቅም አልተገኘችም፤ የዘር መለያየት ሕጉ አይፈቅድም ነበር። «ዘመኑ ነው» ስንል የማንን ዘመን ነው የምንለው? የእሷም ዘመን ነበር እኮ።

በሌላ በኩል ደግሞ ይጥፋ፣ አይታይ የሚሉትም አይጥሙኝም። ያን የፍቅር ፊልም ደግሜ ባላየው ኖሮ በ17 ዓመቴ ጭንቅላቴ ውስጥ ምን እንደገባ በምን አውቅ ነበር? አስተማሪው እዚህ ላይ «ስለዚህ ተስማማን» ይላል። አልተስማማንም።

ስለ ታይታኒክ በር (መርከቡ ከሰመጠ በኋላ ሮዝ ስለወጣችበት፣ ፍቅረኛዋ ጃክ ውሃው ውስጥ ስለቀረባት እንጨት) እንድጽፍ የምትጠብቁ ካላችሁ በአጭሩ ልጨርሰው። ሁለት ሰው ይይዛል አይይዝም የሚለው ክርክር ስፋቱ ላይ አይደለም፤ ፊልሙ ላይ ጃክ ሊወጣ ሲሞክር እንጨቱ ይገለበጣል፣ ያኔ ነው የሚተወው። ሰው ይቺን ቦታ ነው የሚረሳት። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ሰልችቶት በ2023 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ላይ ሁለት ሰዎች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስገብቶ አስሞከረው፤ እንደ አቀማመጣቸውና እንደ ሁኔታው ጃክ ሊተርፍም ይችል ነበር፣ ሊሞትም። እኛ ቤት ይሄ ርዕስ ከተነሳ ነርሷ ቦርሳዋን ታነሳለች። በ2012 ፊልሙ ሲታደስ በዚያ ቦታ ላይ የሰማዩ ከዋክብት አቀማመጥ ልክ አይደለም ተብሎ መስተካከሉ ግን ይገርመኛል። ኒል ዲግራስ ታይሰን የሚባለው የከዋክብት ተመራማሪ ነው የነገራቸው። እኛ በሩን ስናይ እሱ ሰማዩን ያያል!

እንግዲህ ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ ትንሽ ነው። የፊልም ገጻችሁ ላይ በየጊዜው «የምንጊዜም ምርጥ 10» የሚል ዝርዝር ታወጣላችሁ። ዝርዝሩን የሚያወጣው ሰው እነዚያን 10 ፊልሞች ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንዳያቸው አጠገቡ ይጻፍልን። ዓመቱን ብቻ። እኔ አስተያየቱን ከዚያ ተነስቼ እመዝነዋለሁ። ከቻላችሁ ደግሞ ዝርዝሩን ተዉትና፣ ሁለት የማይስማሙ ሰዎች አንድ የድሮ ፊልም አብረው አይተው ጎን ለጎን ይጻፉ። ከማየታቸው በፊት ያስታወሱትንም አውጡልን። እሷን ክፍል ነው መጀመሪያ የማነበው።

የሮኪን ጽሑፍ የጻፉት ሰውም ቅር እንዳይላቸው። ደግመው ሲያዩት ኮፍያዋን ይጠብቁ። ሌላም ነገር ልጠቁማቸው፤ ከውጊያው በፊት ባለው ሌሊት ሮኪ ባዶ አዳራሽ ገብቶ የራሱን ትልቅ ፖስተር ያያል፣ የቁምጣው ቀለም ተሳስቷል። ለአዘጋጁ ይነግረዋል። አዘጋጁ ለውጥ የለውም ብሎት ይሄዳል። ወሬው ፖስተሩን የሠሩት ሰዎች በእውነትም ቀለሙን ስለተሳሳቱ፣ ለማሠራት ገንዘብ ስላልነበረ ስህተቱን ታሪኩ ውስጥ አስገቡት ነው። እኔ ያቺን ቦታ ያየኋት በአራተኛው ጊዜ ነው።

የፊታችን ቅዳሜ ተራው የኔ ነው፤ ቅጣቴን ጨርሻለሁ። የመረጥኩት የስፒልበርግን የ1975ቱን የሻርክ ፊልም ነው። ወረቀቴን ከአሁኑ ጽፌ አጥፌዋለሁ። ገና ፊልሙ ሲጀምር፣ ልጅቷ በሌሊት ስትዋኝ፣ ሻርኩ አፉን በረገድ አድርጎ ሲውጣት በደንብ እንደሚታይ አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ለነርሷ በስልክ ነገርኳት። እየሳቀች ነው የዘጋችብኝ።

አንባቢያችሁ